መርዙም የአገር ሀብት ነው

ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት
ለአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የእባብና የጊንጥ መርዝ አገራዊ ክምችት እንዲቋቋም ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሁለቱ ተቋማት ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣

ይህን የምጽፍላችሁ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። የዕለት ሥራዬ ዕቃ ቆጥሬ መረከብ፣ ማዘዣ ማንበብና ለታካሚ አወሳሰዱን ማስረዳት ነው። ተመራማሪ አይደለሁም። እባብ ደግሞ እፈራለሁ፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። በማመልከቻ መልክ በቢሮ በኩል ላቀርበው ስችል በአደባባይ የጻፍኩት ጉዳዩ የሁለታችሁ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቆላ የሚያርሰውንም፣ ከተማ ሆኖ የደም ግፊት ክኒን የሚውጠውንም ይመለከታል። (ከአዋጁ ቁጥር በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቆላ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አሳልፌአለሁ። ክረምት እዚያ ሰሊጥና ማሽላ የሚታረምበት ጊዜ ነው፤ ከደጋው ብዙ ወጣት ለአረም ይወርዳል፣ ዳስ ውስጥ መሬት ላይ ያድራል። አንድ ሌሊት ዕድሜው ከሃያ የማይበልጥ ልጅ በቃሬዛ መጣ። እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፣ የተነደፈበትም ቦታ በምላጭ ተበጥቷል። ሁለቱንም ያደረጉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ሊያድኑት ብለው። እባቡን በጨለማ ያየው የለም።

የጤና መኮንኑ ከልጁ ክንድ ትንሽ ደም ቀዳና ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። «እንዳትነካው፤ ሃያ ደቂቃ ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። ጠርሙሱን ሲያዘነብለው ደሙ እንደ ውኃ ወረደ፤ የረጋ ነገር አልነበረውም። ላቦራቶሪ በሌለበት የእባብ መርዝ ደም ማርጋትን መስበሩ የሚታወቀው እንዲህ ነው። የልጁ ድድ መድማት ጀምሮ ነበር። መኮንኑ ወደ እኔ ዞሮ ፀረ መርዝ እንዳለ ጠየቀኝ። መደርደሪያዬን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አልነበረም። ሲነጋ በጭነት መኪና ወደ ሆስፒታል ተሳፈረ። መጨረሻውን አልሰማሁም።

ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከተማ ከገባሁ በኋላ፣ ስለ አንድ የልብ መድኃኒት ሳነብ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። መድኃኒቱ ቲሮፊባን ይባላል። የልብ ደም ሥር በረጋ ደም ሊዘጋ ሲል የደም ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት) እርስ በርስ እንዳይያያዙ የሚያደርግ፣ በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። የተቀረጸው ደግሞ ኤኪስ ካሪናተስ ከሚባል ትንሽ እፉኝት መርዝ ውስጥ የተገኘ ኤኪስታቲን የሚባል ሞለኪውል ያለውን ቅርጽ በመከተል ነው። የዚሁ እባብ መርዝ ኤካሪን የሚባል ሌላ ነገርም ይዟል፤ ላቦራቶሪዎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ምን ያህል እንደሠሩ ለመለካት ይገለገሉበታል። የኤኪስ ወገን የሆኑ እባቦች በእኛም ቆላ አሉ። ያን ልጅ የነደፈው የትኛው እንደሆነ ማንም ባያይም ደሙን ሲፈስ ያየሁት እኔ፣ የዚያ ዓይነት መርዝ ሌላ ቦታ ልብ የሚያድን መድኃኒት መሆኑን ሳነብ የተሰማኝን በአንድ ቃል መግለጽ ይከብደኛል። ቅናትም ነበረበት።

መርዝ ሲባል አንድ ፈሳሽ ይመስለናል፤ ግን በአንድ ጠብታ ውስጥ በደርዘን፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችና ፔፕታይዶች (አጫጭር ፕሮቲን መሰል ሞለኪውሎች) አሉ። የቁልፍ እሽግ አድርጋችሁ ብታስቡት ይቀላል። አንዱ ቁልፍ የነርቭን በር ብቻ ይዘጋል፣ ሌላው ፕሌትሌትን፣ ሌላው የደም ሥርን ግፊት። እያንዳንዱ ቁልፍ በሚሊዮን ዓመታት አደን የተሞረደ ስለሆነ የማይመለከተውን በር አይነካም ለማለት ትንሽ ይቀራል። መድኃኒት ቀማሚ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሰውነት በሮች የት እንዳሉና እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠና ተመራማሪም እንዲሁ።

ታይዋን ያደረገችውን እዩ። እዚያ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው፣ ቡንጋረስ የሚባል ሰው የሚገድል እባብ አለ። የታይዋን ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ቻንግና ሊ በ1963 ከመርዙ አንዱን ክፍል ለዩና አልፋ ቡንጋሮቶክሲን አሉት። ይህ ነገር ጡንቻ ከነርቭ ትእዛዝ የሚቀበልበትን በር ይይዝና በቀላሉ አይለቅም። በሩን ራሱን ከሌላው የሰውነት ክፍል ነጥሎ ለማውጣት ሲደክሙ ለነበሩ የዓለም ተመራማሪዎች መንጠቆ ሆነላቸው። በሩ ከተያዘ በኋላ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው፣ የዓይን ቆብ የሚያስጥልና ጡንቻ የሚያደክም ሕመም ከምን እንደሚመጣ ተገለጠ፤ ሰውነት ይህንኑ በር እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። ዛሬ ሕመሙን በደም ምርመራ ሲያረጋግጡ የሚጠቀሙት ያንኑ የእባብ መርዝ ክፍል ነው። መድኃኒት ሆኖ አልተሸጠም። መሣሪያ ሆነ፤ መሣሪያነቱ ግን ከብዙ መድኃኒት በልጧል ባይ ነኝ።

ብራዚልን ደግሞ በሥራዬ በየቀኑ አገኛታለሁ። ኢናላፕሪል የሚባለውን የደም ግፊት ክኒን የጀመሩ ታካሚዎች ከሳምንታት በኋላ ይመለሱና «ይኼ ደረቅ ሳል አላስተኛ አለኝ» ይላሉ። ጉንፋን ነው ብለው ማር በሎሚ ጠጥተውበት አልለቅ ያላቸው ናቸው። ሳሉን ያመጣው ክኒኑ እንደሆነ፣ ለሐኪማቸው ነግረው እንዲያስቀይሩ እመክራቸዋለሁ። ሳሉ ከየት እንደመጣ ግን ብነግራቸው አያምኑኝም፤ ከብራዚል ጫካ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያራራካ የሚባለው የብራዚል እፉኝት የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ይዝለፈለፋል። ብራዚላዊው ተመራማሪ ማውሪሲዮ ሮሻ ኢ ሲልቫ በ1940ዎቹ መጨረሻ በዚሁ መርዝ ሲሠራ ብራዲኪኒን የተባለውን የደም ሥር የሚያሰፋ የሰውነት ንጥረ ነገር አገኘ። ተማሪው ሰርጂዮ ፌሬይራ በ1965 መርዙ ብራዲኪኒን ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርጉ ፔፕታይዶች እንዳሉት አሳየና ወደ ለንደን፣ ወደ ጆን ቬን ላቦራቶሪ ይዞት ሄደ። ፔፕታይዶቹ የደም ግፊት የሚያስነሣውን ኤንዛይም እንደሚዘጉ የታወቀው እዚያ ነው። ከዚያ የአሜሪካው ስኩዊብ ኩባንያ ኬሚስቶች ኩሽማንና ኦንዴቲ የፔፕታይዱን አሠራር ተከትለው በአፍ የሚወሰድ ትንሽ ሞለኪውል ሠሩ፤ ካፕቶፕሪል ተብሎ በ1981 ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የእሱ ታናሽ ነው። ሁለቱም ብራዲኪኒንን እንዳይፈርስ ስለሚያግዱ ሳንባ ውስጥ ይከማቻል፤ ሳሉ የሚመጣውም ከዚያ እንደሆነ ይታመናል። ያራራካ ለቤታችን የላከችው ማስታወሻ ልትሉት ትችላላችሁ።

ታዲያ እባቡም፣ ጥያቄውም፣ የመጀመሪያው መልስም ብራዚላዊ ነበር። ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ) ግን ብራዚል አልደረሰም። ስኩዊብ ሰረቀ ልል አይደለም፤ የዚያን ጊዜ ሕግ የሚከለክለው ነገር አልነበረም፣ ፌሬይራም ግኝቱን ለሳይንስ ብሎ አሳትሟል። አገር ሀብቷን ሳትመዘግብ ዕውቀቱ በሩን አልፎ ከወጣ በኋላ ማንን ትከሳለች? ያው ሳል ይተርፋታል።

ሦስተኛው የፊሊፒንስ ነው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ባልዶሜሮ ኦሊቬራ አሜሪካ ተምሮ ወደ ማኒላ ሲመለስ ለተማረበት የዘረ መል ምርምር የሚሆን መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ፈለገ፤ በባሕር ዳርቻ የሚለቀሙትን፣ ዓሣ በመርዝ ወግተው የሚበሉትን ኮን የሚባሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች መረጠ። በኋላ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥራውን ሲቀጥል ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ብዙም ያልቆየው ወጣቱ ማይክል ማኪንቶሽ ከአንዱ ቀንድ አውጣ መርዝ አንድ ፔፕታይድ ለየ። ያ ፔፕታይድ ዚኮኖታይድ ሆነ፤ በታኅሣሥ 2004 በአሜሪካ ተፈቀደ። ሞርፊን ያልበገረውን ከባድ ሕመም በጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ በፓምፕ እየተሰጠ ያስታግሳል፤ እንደ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም። መነሻው የመሣሪያ እጦት ነበር። ይህን የምለው «በጀት የለንም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ ስለማውቀው ነው።

ሌላውን ልዝለለው። ከአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት ጊላ ሞንስተር ምራቅ የተገኘው ኤክሰናታይድ በ2005 ለስኳር ሕመም መፈቀዱን፣ ዛሬ ስሙ በየቦታው ለሚነሣው የክብደት መቀነሻ መርፌ ወገን በር መክፈቱን በየሚዲያው ሰምታችኋል። የጊንጥ መርዝም ወደ ኋላ አልቀረም፤ ክሎሮቶክሲን የሚባለው ክፍሉ ከአንጎል ዕጢ ሕዋሳት ጋር ስለሚጣበቅ፣ ቀዶ ሐኪም ዕጢውን በብርሃን ለይቶ እንዲያየው ለማድረግ በሰው ላይ ተሞክሯል። በደቡብ አገራችን ከሚኖረው ጥቁር ማምባም መርዝ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2012 ማምባልጂን የተባሉ ፔፕታይዶች አግኝተዋል፤ በአይጥ ላይ እንደ ሞርፊን ሕመም ያስታግሳሉ፣ ትንፋሽ ግን አያፍኑም። በሰው ላይ የሚሠራ መድኃኒት ለመሆን ገና ነው።

አሁን ወደ ቤታችን።

በኢሉባቦር፣ በመቱና በበደሌ መካከል ካለ ወንዝ ድልድይ አጠገብ የተገኘ አንድ የደጋ እፉኝት አለ። በ1977 ለሳይንስ የገለጸው የጀርመኑ የቦን ሙዚየም ባለሙያ ቮልፍጋንግ ቦህሜ ነው፤ ስሙም ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ተባለ። ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው፣ ቆንጆ ልለው የማልደፍረው ግን ቆንጆ የሆነ እባብ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን በግል እባብ አርቢዎች ቤት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። በ2016 ደግሞ ከባሌ ሐረና ጫካ ሁለተኛ ዘመዱ ቢቲስ ሐረና ተብሎ ተገለጠ። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን የአገር ኩራት ብለን እንቆጥራለን፤ እነዚህን ሁለቱን የሚቆጥራቸው ያለ አይመስለኝም። በተራራ ብቻቸውን ተነጥለው የኖሩ እባቦች መርዝ ሌላ ቦታ የሌለ ቁልፍ ይይዝ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ለባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ሕጉ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድ) የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከሕያዋን የሚገኝ ተዋጽኦንም በትርጓሜው ስለሚያቅፍ መርዝ ከእሱ ውጭ አይሆንም። የጄኔቲክ ሀብት ጥቅም ከባለቤቱ አገር ጋር በፍትሐዊነት እንዲካፈል የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮልንም አገራችን ተቀብላለች። የጤፍም ነገር አለ፤ በ2005 ከሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ስለመጠቀም ስምምነት ተፈረመ፣ ኩባንያው በ2009 ከሰረ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘው ፓተንት ግን በሌላ እጅ ቆይቶ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 መጨረሻ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ትምህርት ነው፤ ከጤፍ የተማርነውን ለመርዝ ብናውለው ክፍያው አይባክንም። ሕግ ብቻውን ግን ቁልፍ የሌለው በር ነው። ያልተሰበሰበ፣ ያልተመዘነ፣ ከየት እንደመጣ ያልተጻፈበት ነገር የእኛ መሆኑን በምን እናስረዳለን?

ክምችቱ ለመድኃኒት ፍለጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አልጽፍላችሁም ነበር። ያው መርዝ ፀረ መርዝም ይሆናል። ፀረ መርዝ የሚሠራው ትንሽ ትንሽ መርዝ ለፈረስ እየተሰጠ፣ የፈረሱ ሰውነት የሚያመርተውን መከላከያ ከደሙ በመለየት ነው፤ ስለዚህ የሚያድነው በዋናነት ከተሠራበት መርዝ ነው። በጋና አንድ ገጠር ሆስፒታል ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ፀረ መርዝ ተቀይሮ በእስያ እባብ መርዝ የተሠራ ሲገባ፣ ከተነደፉት የሚሞተው ከ1.8 በመቶ ወደ 12.1 በመቶ ወጣ። ብልቃጡ ላይ «የእባብ ፀረ መርዝ» ተብሎ ተጽፏል፤ ባለሙያውም ተጠቅሟል፤ ሰዎቹም ሞተዋል። እኔ መደርደሪያዬ ላይ ያለ አንድ ብልቃጥ ለእኛ እባብ ይሠራ እንደሆነ የማውቀው ማን ነግሮኝ ነው? መልሱ በላቦራቶሪ የሚገኝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የእኛ ኤኪስ፣ የእኛ ኮብራ መርዝ በእጅ መኖር አለበት። ለአፍሪካ ታስቦ የሚሠራ አንድ የታወቀ የአውሮፓ ፀረ መርዝ ምርቱ በ2014 ቆሞ የመጨረሻዎቹ ብልቃጦች በ2016 ጊዜያቸው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉ የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2017 ነው። በዓለም በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው እንደሚሞት ይገምታል። በምዕራቡ ቆላችን አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ከያዛቸው ጋር እባብ የነደፋቸውንም ሲያክሙ ኖረዋል፤ የዚያ አካባቢ ገበሬ ይህን ቁጥር ከማንም ሳይሰማ ያውቀዋል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ክፍል። መርዝን በቅዝቃዜ የሚያደርቅ መሣሪያ፣ መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ ማቀዝቀዣ፣ የሠለጠኑ ሁለት ሦስት ሰዎች፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ከእባቡ ቀድሞ የገባ ፀረ መርዝ። በሚገባ የደረቀ መርዝ በብርድና በጨለማ ከተቀመጠ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። እባብ ማለብ (መርዙን ከጥርሱ መቀበል) የሚለው ቃል ለእኛ ያስቃል እንጂ ሥራው ጎረቤታችን ኬንያ በዋታሙ የባዮ ኬን እባብ ማሳደጊያ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ናይሮቢም የእባብ ንድፊያ የምርምር ማዕከል አለ። ሥልጠናውን ለመለመን ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ወረቀቱ ነው። በየብልቃጡ ላይ ዝርያው፣ የተያዘበት ቀበሌ፣ ቀኑ፣ የእባቡ መጠን ይጻፍ፤ ያው ዝርያ እንኳ በቦታና በዕድሜ መርዙ ይለያያል። ያለ ስምምነት ከአገር አንዲት ሚሊግራም አትውጣ። ለጎንደር፣ ለጅማ፣ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ግን በጥያቄው ብቻ ይሰጠው፤ ዛሬ መርዝን ፕሮቲን በፕሮቲን ለመተንተን በዓይን የማይታይ መጠን ይበቃል። የእናንተ ሁለት ተቋማት አብረው ካልሠሩበት ይህ ነገር አይሆንም፤ አንዱ ሀብቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ላቦራቶሪ አለው። የማን ክፍል ይሁን በሚለው ላይ ሦስት ዓመት ስብሰባ እንዳይፈጅ ግን እማጸናችኋለሁ። እዚህ ላይ ብታዝኑብኝም ታገሡኝ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ለአንባቢ ልጨምር፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ያነበበው ሁሉ እንዳይስት። በቴሌግራም «የእባብ መርዝ ለካንሰር፣ ለወገብ» እያሉ የሚሸጡ አሉ። ጥሬ መርዝ መድኃኒት አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው የተፈቀዱ መድኃኒቶች ሁሉ ከመርዙ አንዲት ቅንጣት ተለይታ፣ ብዙ ጊዜም ተመስላ በፋብሪካ ተሠርታ፣ ዓመታት ተፈትና የወጡ ናቸው። ከፌሬይራ ጽሑፍ እስከ ካፕቶፕሪል አሥራ ስድስት ዓመት ሄዷል። ከመንገድ ላይ ቀርቶ የወደቀም ብዙ ነው፤ ከእስያ እፉኝት የተገኘው አንክሮድ ለስትሮክ ተብሎ ተሞክሮ አልተሳካም። ማንም ይህን አንብቦ እባብ ለመያዝ ወደ ጫካ እንዳይገባ።

ክፍሉ የተከፈተ ቀን የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ከመተማ ቆላ የመጣ የኤኪስ መርዝ ብትሆን ደስ ይለኛል። ምክንያቴን ከላይ ተናግሬአለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ቆላ ላይ ለሚሠሩ የጤና ጣቢያ ባልደረቦቼ